ሴሮቶኒን፣ ግልፍተኝነትና ራስን የማጥፋት አደጋ፦ በኃይል ወንጀል ፈጻሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቅኝት

ሰው የገደለ ሰውና ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው በተለመደው አስተሳሰብ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች የሚሰፍሩ ናቸው። የመጀመሪያው ጉዳይ በፍርድ ቤት፣ የሁለተኛው በሐኪም ቤት ይታያል፤ የመጀመሪያው ይፈራል፣ ለሁለተኛው ይታዘንለታል። የማረሚያ ቤቶች ልምድ ግን ይህን አከፋፈል አይደግፈውም። በብዙ አገሮች በእስር ላይ የሚገኙ ሰዎች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ከአጠቃላዩ ሕዝብ መጠን በእጅጉ ልቆ ይገኛል፤ በኃይል ወንጀል የተከሰሱና የተፈረደባቸው ደግሞ ከሌሎቹ እስረኞች ይልቅ ለዚህ አደጋ የተጋለጡ መሆናቸው በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ለሌላው ያሰጋል ተብሎ በር የተዘጋበት ሰው ለራሱም የሚያሰጋ ሊሆን እንደሚችል ግን ጠባቂውም ሆነ ዳኛው ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም።

በሁለቱ ድርጊቶች ሥር የጋራ የሆነ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት ይኖር እንደሆነ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስቶክሆልም፣ በቤተዝዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሄልሲንኪ ተጠንቷል። ጥያቄው ያተኮረው ሴሮቶኒን በተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ጥናቶች በመመርመር ግኝቱ በትክክል የምን ምልክት እንደሆነ፣ የትስ ላይ እንደሚያበቃ ለማሳየት ይሞክራል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመዱና እሳቱ

ሴሮቶኒን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከተባለው፣ ሰውነት ከምግብ ብቻ ከሚያገኘው አሚኖ አሲድ ነው። ትሪፕቶፋን ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም የመጀመሪያውን ለውጥ ያካሂዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። በአንጎል ውስጥ ይህን ኬሚካል የሚሠሩት ሴሎች በቁጥር ጥቂት ሲሆኑ፣ በአንጎል ግንድ መካከለኛ መስመር ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ቅርንጫፎቻቸው ግን ወደ ሁሉም የአንጎል ክፍል ለመድረስ ምንም ያህል አይቀራቸውም፤ በተለይም ከግንባር ጀርባ ወዳለው፣ ስሜትን ከመዘዙ ጋር ወደሚያመዛዝነው ክፍል በብዛት ይዘልቃሉ።

ተመራማሪን የሚያስቸግረው ነገር ከሰውነት ሴሮቶኒን ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ውስጥ መሆኑና ወደ አንጎል የማይዘልቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ደም ቀድቶ መመርመር ስለ አንጎል የሚናገረው ጥቂት ነው። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ደግሞ ተከፍቶ አይታይም። የቀረው አማራጭ ተዘዋዋሪ ነበር። ሴሮቶኒን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ መጣበት ሴል ተመልሶ ይሳባል፤ ከዚያም ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይሰባበራል። ከስብራቱ የሚተርፈው ቅሪት 5-ሃይድሮክሲኢንዶልአሴቲክ አሲድ ይባላል፤ ባጭሩ ፋይቭ ኤችአይኤኤ። ይህ ቅሪት አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ወደሚያጥበው ፈሳሽ ይገባል። ፈሳሹም ከወገብ አካባቢ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በመርፌ ሊቀዳ ይችላል።

አሠራሩ የጎረቤትን ምድጃ ሳያዩ በደጅ ከተደፋው አመድ ስንት እንጨት እንደነደደ ከመገመት ጋር ይመሳሰላል። ግምቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን አመዱን የሚያበዛውና የሚያሳንሰው እሳቱ ብቻ አይደለም። ዕድሜ፣ የዓመቱ ወቅት፣ የተመጋቢው ሁኔታ፣ ሌላው ቀርቶ የሰውየው ቁመት እንኳ በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ረጅም ሰው ከወገቡ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ የቅሪቱ መጠን አነስ ብሎ ይገኛል። ፈሳሹ በማለዳ፣ ሰውየው ሌሊቱን ሳይመገብና ሳይነሳ ካደረ በኋላ የሚቀዳው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1976 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ተቋም ማሪ ኦስበሪና ባልደረቦቿ በድባቴ የታመሙ 68 ሰዎችን በዚህ ዘዴ መረመሩ። የቅሪቱ መጠን በሕመምተኞቹ መካከል ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ከመሆን ይልቅ በሁለት ክምችት ተከፍሎ ተገኘ፤ 20ው በዝቅተኛው፣ 48ቱ በከፍተኛው። በዝቅተኛው ክምችት ያሉት ራሳቸውን ለማጥፋት በብዛት የሞከሩ ነበሩ፤ የሞከሩበትም መንገድ ይበልጥ ኃይል የተሞላበት ነበር። በጥናቱ ወቅት ራሳቸውን ያጠፉት ሁለት ሕመምተኞች ሁለቱም ከዚሁ ክምችት ነበሩ። ሁለት ሞት ለመደምደሚያ አይበቃም። ኦስበሪም ይህን ስለምታውቅ የጽሑፏን ርዕስ በጥያቄ ምልክት ዘጋችው። የጥናቱ ዘላቂ ዋጋ ግን ያልተጠበቀ ጥያቄ ማስነሳቱ ላይ ነው። የቅሪቱ ማነስ የኀዘኑን ጥልቀት አልተከተለም፤ የድርጊቱን ኃይል ግን ተከተለ። ይህ ከሆነ ነገሩ ከድባቴ ውጭ ባሉ ሰዎች ላይም ሊታይ ይገባል ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ቤተዝዳ ጄራልድ ብራውንና ባልደረቦቹ ያንን አደረጉ። የመረመሩት የድባቴ ሕመም የሌለባቸውን፣ ነገር ግን በስብእና መታወክ ምክንያት ለአገልግሎት ብቁ መሆናቸው የሚጣራ ወታደሮችን ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለው የጠብና የድብድብ ታሪካቸው ተመዝግቦ ከቅሪቱ ጋር ሲነጻጸር፣ ጠበኝነቱ በጨመረ መጠን ቅሪቱ እያነሰ ሄደ፤ የተዛምዶው መጠን ከዜሮ በታች 0.78 ነበር። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የነበሩትም ቅሪታቸው ያነሰው እነዚያው ሆነው ተገኙ።

የሄልሲንኪ ጥናቶች

ጥያቄው ወደ ፊንላንድ የተሻገረው በአጋጣሚ አይደለም። በፊንላንድ ፍርድ ቤት ከባድ የኃይል ወንጀል የፈጸመን ሰው ወደ አእምሮ ሕክምና ምርመራ መላክ ይችላል፤ ምርመራውም በሆስፒታል ተኝቶ እስከ ሁለት ወር የሚዘልቅ ነው። በዚህ ጊዜ ተመርማሪው አልኮል አይጠጣም፤ የልጅነት፣ የትምህርት፣ የቤተሰብና የወንጀል ታሪኩ በዝርዝር ይሰበሰባል። በዚያ አገር ግድያ በአብዛኛው የሚፈጸመው በስካር ላይ ነው። ስለዚህ የሄልሲንኪው ሐኪም ማቲ ቪርኩነንና በአሜሪካ ብሔራዊ የአልኮል ጥናት ተቋም ይሠራ የነበረው የአገሩ ልጅ ማርኩ ሊኖይላ ሌላ አገር በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነበራቸው።

በ1983 ያወጡት የመጀመሪያ ጥናት 36 ገዳዮችንና ለመግደል የሞከሩ ሰዎችን የሚመለከት ነው። የጥናቱ ዋና ብልሃት በኬሚስትሪው ላይ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሁሉንም እንደ አንድ የነፍሰ ገዳይ ጭፍራ አልቆጠሩም፤ አስቀድሞ ሳያቅድ በቅጽበት የፈጸመውን አስቦና ተዘጋጅቶ ከፈጸመው ለዩ። ቅሪቱ ዝቅ ብሎ የተገኘው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው። ከእነርሱም መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የነበሩት በተለይ ዝቅተኛ ነበሩ። አስቦ የገደለው ሰው የፈጸመው ድርጊት ከሌላው ያነሰ አልነበረም፤ ሟቹም ያው ሟች ነው፤ ነገር ግን አመዱ አላነሰም።

አማርኛ ይህን ልዩነት ቀድሞውኑ በቃላት ለይቶ ይዞታል። ግልፍተኛና ቂመኛ አንድ አይደሉም። ግልፍተኛው በቅጽበት ነድዶ በቅጽበት ይበርዳል፤ ቂመኛው ቀን ይቆጥራል። ሕጉም ቢሆን ይለያቸዋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 አስቀድሞ ታስቦበት የተፈጸመን ግድያ ከከባዱ መደብ ሲያስገባ፣ በአንቀጽ 541 ደግሞ በድንገተኛ ብርቱ ስሜት የተፈጸመው ቅጣቱ እንዲቀልል ያደርጋል። ሆኖም የሕጉ መለያና የተመራማሪዎቹ መለያ አንድ ናቸው ብሎ መውሰድ ስሕተት ላይ ይጥላል። ሕጉ የሚጠይቀው ስለዚያች ሰዓት ነው፤ ሰውየውን ምን አነሳሳው፣ ብርቱ ምክንያትስ ነበረው ወይ ይላል። ተመራማሪዎቹ የሚጠይቁት ስለ ሰውየው የዘወትር ጠባይ ነው፤ በበቂ ምክንያት አንድ ጊዜ በደም ፍላት የመታ ጨዋ ሰው በእነርሱ አከፋፈል ግልፍተኛ አይባልም። ቃሉም ቢሆን በዚህ ሙያ ከቁጣ ሰፋ ብሎ ይተረጎማል፤ ቁጣ ባይኖርም እንኳ የመጣን ሐሳብ ሳያመዛዝኑ ወዲያው ወደ ድርጊት መለወጥን ሁሉ ያጠቃልላል።

ይህን ሰፊ ትርጉም ለመፈተን ቪርኩነንና ሊኖይላ በ1987 ወደ እሳት ለኳሾች ዞሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የቅሪቱ ማነስ የጠበኝነት ምልክት ከሆነ፣ ቤትና ጎተራ የሚያቃጥል ነገር ግን ሰው የማይመታ ሰው ሊታይበት አይገባም። የግልፍተኝነት ምልክት ከሆነ ግን ይታይበታል። ለጥቅም ሲሉ ሳይሆን ድንገት በመጣባቸው ግፊት እሳት የለኮሱ 20 ወንዶች፣ ጠብ ልማዳቸው የሆነ 20 ወንጀለኞችና 10 ጤነኛ ፈቃደኞች ተነጻጸሩ። ዝቅተኛው መጠን የተገኘው በእሳት ለኳሾቹ ላይ ነበር። በእነዚህ ጥናቶች መስመር ውስጥ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ፈተና ብዙ የለም፤ መላምቱ ሊወድቅ በሚችልበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው ያለፈው።

በ1994 በታተሙት ሥራዎች ደግሞ 43 ግልፍተኛና 15 ግልፍተኛ ያልሆኑ፣ ሁሉም የአልኮል ጥገኛ የሆኑ ወንጀለኞች ከ21 ጤነኞች ጋር ተመረመሩ። ከሴሮቶኒን ቅሪት በተጨማሪ ቴስቶስትሮን፣ የደም ስኳርና የቀንና የሌሊት የእንቅስቃሴ ሥርዓት ተለኩ። ድምዳሜው የቀደመውን ይበልጥ አጠራው፤ የቅሪቱ ማነስ በዋናነት ከግልፍተኝነት ጋር፣ የቴስቶስትሮን መብዛት ደግሞ ከጠበኝነት ጋር ተያይዞ ተገኘ። አንደኛው የሚገፋው ኃይል፣ ሌላው የሚይዘው ልጓም ነው ማለት ይቻላል። ከግልፍተኞቹ አንዳንዶቹ ስኳር ከጠጡ በኋላ የደማቸው ስኳር ከተለመደው በታች ያሽቆለቁል ነበር፤ እንቅልፋቸውም የተመሰቃቀለ ነበር። አልኮል በዚህ ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

ልጓሙ በላላበት ሰው ላይ ግፊቱ የሚያመራበት አቅጣጫ እንደ ሁኔታው ይለያያል። ከጎኑ ያናደደው ሰው ሲኖር ወደዚያ ሰው፣ በክፍል ውስጥ ብቻውን ሲቀር፣ ኀፍረትና ጸጸት ሲነሳበት፣ ወደ ራሱ። በዚህ አመለካከት ራስን መጉዳትና ሌላን መጉዳት አንዱ የሌላው ተቃራኒ መሆናቸው ይቀራል። ከሬሳ ምርመራ የተገኙ ውጤቶችም ከዚሁ ጋር ይስማማሉ። በ1983 ማይክል ስታንሊና ጆን ማን ራሳቸውን ባጠፉ ሰዎች የአንጎል የፊተኛ ክፍል ላይ ሴሮቶኒንን የሚቀበሉ የተወሰኑ ተቀባዮች በዝተው እንዳገኙ አሳተሙ፤ መልእክቱ ያነሰበት ሴል ጆሮውን ያሰፋ ይመስል። ኤሚል ኮካሮም በ1989 ፈሳሽ ሳይቀዳ፣ ሴሮቶኒንን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ሰጥቶ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ምን ያህል እንደሚጨምር በመለካት ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። የስብእና መታወክ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደካማው ምላሽ ከግልፍተኛ ጠበኝነትም፣ ራስን ለማጥፋት ከመሞከርም ጋር ተዛመደ።

ከእንስሳት የመጣው ማስረጃ ምናልባት ከሁሉም የሚያስደንቅ ነው። ዲ ሂግሊና ሊኖይላ በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ባለች ደሴት ላይ በነጻነት የሚኖሩ 49 የሬሰስ ዝንጀሮ ወጣት ወንዶችን ፈሳሽ ቀድተው ለአራት ዓመት ተከታተሉ። ቅሪታቸው ያነሰው ከእነርሱ የሚበልጡትን የሚተናኮሉ፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል አደገኛ ዝላይ የሚዘሉ ነበሩ፤ በወጣትነት የሞቱትም በብዛት ከእነርሱ ወገን ሆኑ። ዝንጀሮ ራሱን አያጠፋም። ነገር ግን ሊመለስበት ከሚገባው ጠብ የማይመለስና ሊተወው የሚገባውን ዝላይ የማይተው ፍጡር ዕድሜው ያጥራል።

ቁጥሩ ለማን ይናገራል

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በጣም የተስተካከለ ይመስላል። ይህም ራሱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በ2002 ሙር፣ ስካርፓና ሬይን 20 ጥናቶችን ደምረው ሲተነትኑ ጸረ ማኅበራዊ ጠባይ ያላቸው ሰዎች ቅሪት ማነሱን አረጋገጡ፤ ይሁንና ልዩነቱ መካከለኛ ነበር፣ ይበልጥ የሚታየውም ከ30 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። በ2013 የታተመው የዱክና ባልደረቦቹ ሰፊ ድምር ደግሞ 175 ናሙናዎችን አካቶ በሴሮቶኒንና በጠበኝነት መካከል ያለው ጠቅላላ ተዛምዶ ደካማ፣ ከዜሮ በታች 0.12 ብቻ መሆኑን አሳየ። ከ0.78 ወደ 0.12 መውረድ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የጥንቶቹ ጥናቶች ማነስ ነው፤ ጥቂት ሰዎች በተመረመሩበት ቦታ የአጋጣሚ ድርሻ ይገንናል። ሌላው ግን ሊዘነጋ አይገባም። የኋለኞቹ ጥናቶች ብዙዎቹ ጠበኝነትን በጥቅሉ በመጠይቅ የለኩ ሲሆኑ፣ ቪርኩነን በጥንቃቄ የለየውን የግልፍተኛና የቂመኛ ድንበር መልሰው አፍርሰውታል።

የዘረ-መል ጥናቶች ታሪክም ትሕትናን የሚያስተምር ነው። በ1994 በእነዚሁ የፊንላንድ ወንጀለኞች ላይ ትሪፕቶፋን ሃይድሮክሲሌዝን በሚሠራው ዘረ-መል ላይ ያለ አንድ ልዩነት ከቅሪቱ መጠንና ራስን ለማጥፋት ከመሞከር ጋር ተያይዞ ሲገኝ ታላቅ ተስፋ ፈጠረ። በ2003 ግን የዚህ ኢንዛይም ሁለተኛ ዓይነት ተገኘ፤ በአንጎል ውስጥ በዋናነት የሚሠራውም ሁለተኛው ሆነ። ስንት ቤተ ሙከራ ሲመረምረው የቆየው የመጀመሪያው ዘረ-መል ይበልጡን የአንጀት ጉዳይ ነበር።

በኔዘርላንድ የታየው ደግሞ የአመዱን ምሳሌ ራሱን ይገለብጠዋል። ሃን ብሩነር በ1993 የገለጸው አንድ ቤተሰብ ነበር፤ ከወንዶቹ በርካቶቹ ድንገተኛ ጠበኝነት፣ እሳት መለኮስና ሌሎች የግልፍተኝነት ድርጊቶች ታይተውባቸዋል። የተገኘው ጉድለት ሴሮቶኒንን በሚሰባብረው በሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ ላይ ነው። በእነዚህ ወንዶች ቅሪቱ እጅግ ያንሳል፤ ያነሰው ግን እሳቱ ስለጠፋ ሳይሆን እንጨቱን አመድ የሚያደርገው ስለጎደለ ነው። ሴሮቶኒኑ ራሱ ተርፏል። ስለዚህ “ሴሮቶኒን ሲያንስ ሰው ጠበኛ ይሆናል” የሚለው አነጋገር፣ በጋዜጣም በመማሪያ መጻሕፍትም ቢደጋገም፣ ከማስረጃው በላይ ይናገራል። የታወከው የሥርዓቱ ሚዛን ነው ቢባል ይሻላል፤ ያም ቢሆን በሚያድግ አንጎል ላይ የሆነ መታወክ ሊሆን ይችላል።

በ2010 ላውራ ቤቪላኳና ባልደረቦቿ በ“ኔቸር” መጽሔት ያሳተሙት ግኝት ከሁሉም የጠበቀ ነው። ሴሮቶኒን 2ቢ የተባለውን ተቀባይ የሚሠራው ዘረ-መል መሐሉ ላይ እንዲቋረጥ የሚያደርግ ለውጥ በፊንላንዳውያን ዘንድ ተገኘ። ለውጡ በከባድ ግልፍተኛ ወንጀለኞች ላይ ከማነጻጸሪያዎቹ ሦስት እጥፍ ያህል ይዘወተራል፤ ተሸካሚዎቹም ድርጊታቸውን በአብዛኛው የፈጸሙት በስካር ላይ ነው። ነገር ግን ከመቶ ፊንላንዳውያን ከአንድ የሚበልጡት ይህን ለውጥ ይዘው ይኖራሉ፤ እጅግ የሚበዙት ማንንም ሳይነኩ። ለውጡ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም። ወንድነት፣ የአልኮል ብዛትና ሌሎችም ሊጨመሩበት ይገባል።

ታዲያ ፈሳሽ ተቀድቶ አንድ እስረኛ ራሱን እንደሚያጠፋ ወይም እንደማያጠፋ ሊነገር ይችላልን? በ1989 ቪርኩነንና ባልደረቦቹ ከእስር የተፈቱ ሰዎችን በአማካይ ለሦስት ዓመት ተከታትለው፣ የቅሪቱንና የደም ስኳሩን መጠን አንድ ላይ በመውሰድ ማን ወደ ወንጀል እንደተመለሰ 84 ከመቶ ያህል በትክክል መለየት እንደሚቻል ጽፈዋል። ቁጥሩ ያማልላል። ይሁን እንጂ ወደ ወንጀል የተመለሱት ጥቂቶቹ ስለነበሩ “ማንም አይመለስም” ብሎ በጭፍን የተናገረ ሰውም ብዙውን በትክክል ይመታ ነበር፤ መለያውም የተፈተነው በተሠራባቸው በእነዚያው ሰዎች ላይ ነው። ራስን ስለማጥፋት ደግሞ ማንና ባልደረቦቹ በ2006 የስሜት መታወክ ባለባቸው ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ የክትትል ጥናቶችን ደምረው፣ ቅሪታቸው ያነሰ ሰዎች ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ ተኩል እንደሚጠጋ አሳይተዋል።

አራት እጥፍ ተኩል ለሳይንስ ብዙ ነው፤ ለአንድ ጠባቂ ምን እንደሚሠራለት ግን በስሌት ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል 1,000 እስረኞች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም 20ው ራሳቸውን የሚያጠፉ ቢሆኑ፣ ምርመራውም ከ20ው 15ቱን ቢይዝ፣ ከቀሩት 980 ደግሞ ሩቡን፣ ማለትም 245ቱን፣ በስሕተት ቢያመለክት፣ አደጋ አለበት የሚባለው ሰው ቁጥር 260 ይሆናል። ከእነዚህ በእውነት የሚሞቱት 15 ናቸው፤ ከመቶ ስድስት አይሞላም። አምስቱ ደግሞ “ደኅና” ተብለው ያልፋሉ። ይህን ለማግኘት አንድ ሺህ ወገብ በመርፌ ይወጋል። ስሌቱ የታሰበ እንጂ የተለካ አይደለም፤ የቁጥሮቹ ግንኙነት ግን የሞት መጠኑ ከዚህ ባነሰበት ቦታ ሁሉ ይበልጥ ይከፋል።

ፍርድ ቤቶችም ይህን ዓይነቱን ማስረጃ ሲቀበሉ የቡድንን ቁጥር በአንድ ሰው ላይ ይለጥፋሉ። በ2009 በጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤን ዘረ-መል ምርመራ ከግምት አስገብቶ የገዳይን ቅጣት በአንድ ዓመት ቀንሷል። ያው ማስረጃ በሌላ ዳኛ እጅ “ይህ ሰው አይታረምም” ተብሎ ቅጣት ማክበጃ ለመሆን የሚያግደው ነገር የለም።

በማረሚያ ቤት ውስጥ

የጥናቶቹ ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግልፍተኛ ሰው ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ይዞ ላይኖር ይችላል። አቀባበል ላይ “ራስህን ለመጉዳት ታስባለህ?” ተብሎ ሲጠየቅ “አላስብም” ቢል እየዋሸ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት አያስብም። ደብዳቤ አይጽፍም፣ ዕቃውን አያከፋፍልም። ከሚስቱ መጥፎ መልእክት በደረሰው ሰዓት፣ ወይም ስካሩ ለቆት የፈጸመውን ባወቀበት የመጀመሪያ ሌሊት ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። በቃሉ ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ ይህን ሰው አያገኘውም። የሚያገኘው ታሪኩ ነው፦ ቀደም ሲል ሞክሮ ያውቃል ወይ፣ በስካር ላይ ነው የተያዘው፣ ጠቡ ከልጅነት የመጣ ነው፣ አባቱስ ጠጪና ተደባዳቢ ነበር ወይ። እነዚህን ለመጠየቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ማኅበር በ2007 ለማረሚያ ቤቶች ባወጡት መመሪያ እያንዳንዱ ገቢ እስረኛ ሲገባ እንዲጣራ፣ ጠባቂዎች እንዲሠለጥኑ፣ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ብቻውን እንዳይተው ይመክራሉ። የመጨረሻው ምክር ለግልፍተኛ እስረኛ በተለይ ይሠራል። ጠብ ያነሳ እስረኛ በብዙ ቦታ የሚቀጣው ለብቻው በመዘጋት ነው፤ ልጓሙ የላላው ሰው በጣም በተቆጣበት ሰዓት ከራሱ ጋር ብቻውን ይቆለፍበታል ማለት ነው። ለሌሎቹ ደኅንነት ሲባል የተወሰደው እርምጃ አደጋውን አቅጣጫ ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። በአንጻሩ ግፊቱ አጭር መሆኑ ተስፋም አለው፤ በዚያች አንድ ሰዓት ከጎኑ ሰው የነበረና በእጁ የሚጎዳበት ነገር ያላገኘ እስረኛ በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ ሊነሳ ይችላል።

በመድኃኒት በኩል ያለው ማስረጃ ጠባብ ነው። በ1976 ማይክል ሺርድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በአንድ እስር ቤት 66 ወጣት ግልፍተኛ እስረኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ለከፊሎቹ ሊቲየም፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት መሰል እንክብል ሰጡ። እስከ ሦስት ወር በቆየው ሙከራ ሊቲየም የወሰዱት ከባድ የሥነ ሥርዓት ጥፋት ቀነሰ። ሊቲየም በስሜት መታወክ ሕመምተኞች ላይ ራስን የማጥፋትን መጠን በመቀነስም ይታወቃል፤ ነገር ግን መጠኑ በደም ምርመራ ካልተጠበቀ መርዝ የሚሆን መድኃኒት ስለሆነ በግዴለሽ እጅ የሚሰጥ አይደለም። በ1997 ኮካሮና ካቩሲ የስብእና መታወክ ባለባቸው 40 ሰዎች ላይ ሴሮቶኒን ወደ ሴሉ እንዳይመለስ የሚያግደው ፍሉኦክሴቲን ግልፍተኛ ጠበኝነትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እነዚህ 40ዎቹ ግን ራሳቸው ለሕክምና ፈቅደው የመጡ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1978 ጀምሮ በእስረኞች ላይ የሚደረግን ምርምር በጥብቅ ደንብ ወስኗል፤ የታሰረ ሰው “እሺ” ሲል ፈቃዱ የእውነት ፈቃድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስቸግራልና። ደንቡ ተገቢ ነው። ከእርሱ በኋላ ግን የሺርድን የመሰለ ሙከራ እየጠፋ ሄዶ፣ መድኃኒቱ በክሊኒክ ሕመምተኛ ላይ ተፈትኖ ለእስረኛው በግምት የሚታዘዝ ሆኗል።